ዲስኩ ባዶ አይደለም

ልጄ፤ አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ፍሎፒ ዲስክ እንደ ተረከብክ፣ አብዛኞቹንም ኮምፒውተርህ አላነብም እንዳለህ ሰማሁ። እኔ ፀጉሬ የሸበተው ከእንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ጋር ስታገል ነው። «ሞቷል» ተብሎ ሊጣል ከተዘጋጀ ካርቶን ውስጥ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ብዬ ልተውህ አልቻልኩም። የማውቀውን በተራ ቁጥር ጻፍኩልህ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት፣ ምንም አትጻፍበት።

ዲስኩን ስታስገባ ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፤ አሁን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቅሃል። እሺ ካልከው ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ማሽኑ የሚያውቀውን አደራደር ስላላገኘ ብቻ ነው እንዲህ የሚለው። ዐረብኛ የማያነብ ሰው የዐረብኛ መጽሐፍ ገልጦ «ምንም አልተጻፈበትም፤ ልፋቀው?» እንደሚል ቁጠረው። አንተ እሺ እስካላልከው ድረስ ጽሑፉ በቦታው አለ።

ጥያቄውን አይተህ «አይ» ማለትም አይበቃም። ዊንዶውስ 95 መጻፍ ያልተከለከለበት ዲስክ ሲያገኝ ማንንም ሳይጠይቅ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የራሱን ምልክት ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ከማስገባትህ በፊት መጻፍ መከልከያውን አስተካክል። በ3.5 ኢንቹ ላይ በጥጉ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ አንሸራትት፤ ቀዳዳው ሲከፈት መጻፍ ይከለከላል። በ5.25 ኢንቹ ላይ ግን በጎኑ ያለውን ቁራጭ ክፍተት ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስተር ስትሸፍነው ነው የሚከለከለው። ትልቁ 8 ኢንች ደግሞ የ5.25ቱ ተቃራኒ ነው፤ ክፍተቱ ሲገለጥ ይከለከላል። ሦስቱን አታምታታ፤ ካምታታህ የጠበቅከው መስሎህ በሩን ትከፍትበታለህ።

2. ወደ ድራይቩ ሳይገባ በፊት በብርሃን እየው።

የ3.5 ኢንቹን የብረት መከለያ በቀስታ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ፣ መሐሉን ይዘህ እያዞርክ ቡናማውን ሽፋን ተመልከት። ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ካየህ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያለበት ዲስክ ሲሽከረከር ቆሻሻው የድራይቩ ማንበቢያ ጭንቅላት ላይ ይከማችና ሽፋኑን ይፍቀዋል፤ የቆሸሸው ጭንቅላት ደግሞ ቀጥሎ የምታስገባውን ጤነኛ ዲስክ ያበላሻል። በመካከል የሲጢጥታ ድምፅ ከሰማህ ሳትዘገይ አውጣው። የድራይቩን ጭንቅላት በአይሶፕሮፒል አልኮል አዘውትረህ አጽዳ። አንድ ድራይቭ ለተጠረጠሩት፣ ሌላው ለጤነኞቹ ይሁን።

3. የጻፈው ማሽን ማን እንደ ነበር ጠይቅ።

ከዚህ ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝልኝ። ያው አንድ 3.5 ኢንች ፕላስቲክ ከማኪንቶሽ ሲወጣ 400 ወይም 800 ኪሎባይት፣ ከፒሲ ሲወጣ 720 ኪሎባይት ወይም 1.44 ሜጋባይት፣ ከአሚጋ ሲወጣ 880 ኪሎባይት የያዘ ነው። ከውጭ በማየት ብቻ ማን እንደ ጻፈባቸው አይለይም። ዲስኩ ላይ የታተመው የፋብሪካ ስምም ፕላስቲኩን ማን እንደ ሠራው እንጂ ማን እንደ ጻፈበት አይነግርህም።

ስለዚህ የዲስኮቹን ባለቤት ወደሚያውቁ ሰዎች ሂድ። ባለቤቱ በዚያ ዘመን የት ይሠሩ ነበር? ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ነበራቸው? ጽሑፉን ራሳቸው ይተይቡ ነበር ወይስ ሰው ይተይብላቸው ነበር? ጠረጴዛው የሚታይበት አሮጌ ፎቶግራፍ አለ? ከዚያው ማሽን የታተመ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ቀርቷል? በተለይ የቀድሞ ጸሐፊዎችን ፈልጋቸው። አለቃው የማሽኑን ስም ላያስታውስ ይችላል፤ በየቀኑ ዲስኩን ስታስገባና ስታወጣ የነበረችው ጸሐፊ ግን የፕሮግራሙን ስም፣ ሲነሣ የሚታየውን ቀለም፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል ይሰጥ እንደ ነበር ሳይቀር ትነግርሃለች። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ጠይቃቸው፤ የሰማኸውንም በዚያው ቀን ጻፍ።

4. ቁጥሮቹን እወቅ።

ፍሎፒ ላይ መረጃው በክብ በክብ ቀለበቶች ይቀመጣል፤ ቀለበቱ ትራክ ይባላል። እያንዳንዱ ትራክ ሴክተር በሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፈላል። ሁሉም «1.44» የሚለው ዲስክ 80 ትራክ፣ 2 ገጽ፣ በየትራኩ 18 ሴክተር፣ በየሴክተሩ 512 ባይት አለው። አባዛቸውና 1,474,560 ባይት ይመጣልሃል። በእያንዳንዱ ሴክተር ራስ ላይ ደግሞ የትራኩ ቁጥር፣ የገጹ ቁጥር፣ የሴክተሩ ቁጥር፣ መጠኑና የማረጋገጫ ቁጥሩ ተጽፏል።

ከመደበኛው የወጣ ፎርማት ሲባል ከነዚህ ቁጥሮች አንዱ ተለውጧል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ ፕሮግራሞቹን ሲያከፋፍል በየትራኩ 21 ሴክተር አጭቆ 1.68 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ያወጣ ነበር። የጃፓኑ ኤንኢሲ ፒሲ-98 ደግሞ በ77 ትራክ ላይ እያንዳንዳቸው 1024 ባይት የሆኑ 8 ሴክተሮችን ይጽፍ ነበር። እንደነዚህ ያሉት መፍትሔያቸው ቅርብ ነው። በውስጡ እውነተኛ የፍሎፒ ኮንትሮለር (ድራይቩን የሚቆጣጠረው ክፍል) ያለው አሮጌ ፒሲ ካገኘህ፣ ሊኑክስ ላይ ቁጥሮቹን ራስህ ለድራይቩ መንገር ትችላለህ። የፒሲ-98ቱ ግን በደቂቃ 360 ጊዜ መዞር የሚችል ድራይቭ እንደሚፈልግ አትርሳ፤ ተራው የ3.5 ኢንች ድራይቭ 300 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ዛሬ ገበያ ላይ ከምታገኘው የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ አብዛኛው ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም። መደበኛውን 1.44ና 720 ያነባል፤ ከዚያ ያለፈውን ሁሉ «አልተፎረመተም» ይልሃል። እርሱ ስላላነበበው ብቻ ተስፋ ቆርጠህ ዲስክ እንዳትጥል።

5. የማኪንቶሹን ለብቻው ለይ።

የማኪንቶሹ 400ና 800 ኪሎባይት ዲስክ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው፤ ያስለቀሰው ግን በብልህነቱ ነው። በዳር ያለው ትራክ ከመሐሉ ስለሚረዝም፣ አፕል ድራይቩን እንደ ቦታው ፍጥነቱን እንዲለዋውጥ አድርጎ ሠራው፤ በዳር ሲሆን ቀስ ይላል፣ ወደ መሐል ሲገባ ይፈጥናል። 80ዎቹ ትራኮች በ5 ክልል ተከፍለው፣ ከዳር በየትራኩ 12 ሴክተር ይጀምርና 11፣ 10፣ 9 እያለ መሐል ላይ 8 ይደርሳል። ቢቶቹን ወደ ማግኔት የሚለውጥበት ሥርዓትም ጂሲአር የሚባል ነው፤ የፒሲ ኮንትሮለር ግን የሚሠራው ኤምኤፍኤም በሚባለው ነው፤ ጂሲአርን አያውቅም። ስለዚህ የቱንም ቁጥር ብትነግረው የፒሲ ኮንትሮለር ይህን ዲስክ ሊያነብ አይችልም። ጉድለቱ የኮንትሮለሩ ነው። የድራይቩ ጭንቅላት ማግኔቱን ደህና አድርጎ ይሰማል፤ ይህ በኋላ ይጠቅመናል።

ከ1988 ወዲህ የመጡት የማኪንቶሽ 1.44 ዲስኮች ግን ሌላ ናቸው። እነርሱ የተጻፉት እንደ ፒሲው በኤምኤፍኤም ነው፤ ርካሹ የዩኤስቢ ድራይቭም ሴክተሮቻቸውን አንድ በአንድ ያነባል። ዊንዶውስ ፎርማት ላድርግ የሚልህ የፋይል አያያዙ ኤችኤፍኤስ ስለሆነ ነው። ሙሉ ቅጂውን ወደ አንድ ኢሜጅ ፋይል አውጣና ኤችኤፍኤስ በሚያውቅ ፕሮግራም ወይም የድሮ ማክን በሚያስመስል ኢሙሌተር ክፈተው። አዲስ ማክ ገዝቼ እገላገላለሁ እንዳትል፤ አፕል ራሱ በ2019 ካወጣው ካታሊና የተባለ የማክ ሥርዓት ጀምሮ ያንን የድሮ ኤችኤፍኤስ ማንበብ ትቷል።

6. ቀዳዳዋን ተመልከት።

ይህቺ አጭር ናት፤ ግን ብዙ ታድናለች። የ1.44 ዲስክ ከመከልከያው በተቃራኒ ጥግ ሁለተኛ ቀዳዳ አለው፤ ድራይቩ ዓይነቱን የሚለየው በዚያ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ዲስክ ገዝቶ በአሮጌ ማሽን በ720 ወይም በ800 ጽፎበታል። አዲሱ ድራይቭ ቀዳዳዋን አይቶ በ1.44 ሕግ ሊያነበው ይሞክርና ያቅተዋል። ቀዳዳዋን በፕላስተር ሸፍንና እንደገና ሞክር።

7. በ5.25 ኢንቹ ላይ ሁለት ድራይቭ ይኑርህ።

የ360 ኪሎባይቱ ድራይቭ በኢንች 48 ትራክ፣ የ1.2 ሜጋባይቱ ደግሞ 96 ትራክ ይጽፋል፤ ስለዚህ የሁለተኛው ጭንቅላት ጠባብ ነው። አንድ ሰው በሰፊው ድራይቭ የጻፈውን ዲስክ በኋላ በጠባቡ ድራይቭ ላዩ ላይ ጽፎበት ከሆነ፣ አዲሱ ጽሑፍ በመሐል፣ የድሮው ቅሪት በዳርና በዳር ይቀራል። ሰፊው ጭንቅላት ሁለቱን በአንድ ላይ ይሰማና ግራ ይጋባል፤ ጠባቡ ግን አዲሱን ብቻ ይሰማል። በሰፊው የ40 ትራክ ድራይቭ እምቢ ያለህን ዲስክ በጠባቡ የ80 ትራክ ድራይቭ ሞክረው። ከዚህ በላይ ስለ 5.25 ልንገርህ ብል ወረቀቱ አይበቃም።

8. ትርጉሙን ለነገ ትተህ ማግኔቱን ዛሬ ቅዳ።

አሁን ወደ ዋናው መሣሪያ ደረስን። ክሪዮፍላክስ፣ ሱፐርካርድ ፕሮ፣ ግሪስዊዝልና አፕልሶስ የሚባሉ ትንንሽ ሰሌዳዎች አሉ። በአንድ ወገን ከአሮጌ ፍሎፒ ድራይቭ ጋር፣ በሌላው ከኮምፒውተርህ ጋር ይገናኛሉ። ስለ ሴክተር አይጠይቁም፤ ስለ ፎርማትም ግድ የላቸውም። የሚመዘግቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዲስኩ ላይ የማግኔቱ አቅጣጫ ከተገለበጠበት ቅጽበት እስከሚቀጥለው መገልበጥ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳለፈ። በተራው የፒሲ 720 ዲስክ ላይ ይህ ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ በ1.44ቱ ላይ ግማሹ። በጂሲአር የተጻፈ ሌላ ልክ ያሳያል። ነገር ግን የትኛውም ቢሆን ይመዘገባል፤ የማኪንቶሹ 800 ኪሎባይት ዲስክ እንኳ ፍጥነቱን በማይለውጥ ተራ የፒሲ ድራይቭ ተነብቦ በኋላ በስሌት ይስተካከላል።

የተመዘገቡትን ጊዜያት በሰንጠረዥ ሥዕል ስታያቸው ልዩ ልዩ ጉብታ ሆነው ይታያሉ። ጉብታዎቹ ጥርት ብለው ከተለያዩ ዲስኩ ሕያው ነው፤ ፎርማቱን ባታውቀውም ደስ ይበልህ። ጉብታዎቹ ተደባልቀው አንድ ጉም ከመሰሉ ጭንቅላቱን አጽድተህ ድገመው፣ ከዚያም በሌላ ድራይቭ ሞክረው። እያንዳንዱን ትራክ ቢያንስ ሦስት አራት ዙር መዝግብ፤ በአንዱ ዙር ያልተሰማው በሌላው ይሰማልና። ያወጣኸውን ጥሬ ምዝገባ አትደምስሰው። ፋይሉ ከዲስኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ቦታ በላ ብለህ አትሰስት። የማረጋገጫ ቁጥሩን በኤስኤችኤ-256 አስልተህ ከጎኑ አስቀምጥ፤ ሁለት ቦታም አኑረው። ዲስኩ በየዓመቱ ይደክማል፤ ምዝገባው ግን ከዛሬ 20 ዓመት በኋላ የተሻለ ዕውቀት ያለው ሰው ሊፈታው ይችላል።

9. መመሪያ የሌለውን አትፍራ።

የ«ስታር ትሬክ» ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ በ1991 ከሞተ በኋላ ወደ 200 የሚጠጉ 5.25 ኢንች ፍሎፒዎች ተገኙለት። የጻፈባቸው ኮምፒውተሮች ለእርሱ ተብለው የተገጣጠሙ ነበሩ። አንዱ በጨረታ ተሽጦ ነበር፤ የቀረው አይሠራም። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ድራይቭሴቨርስ የተባለው ድርጅት መሐንዲሶች ያለ ምንም መመሪያ የዲስኩን አደራደር ከራሱ ከዲስኩ አጥንተው፣ የሚያነብ ፕሮግራም ራሳቸው ጻፉ። ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ሥራው መሳካቱ ተነገረ።

ሮደንቤሪ በእነዚያ ኮምፒውተሮች ይጽፍ በነበረበት ዘመን ሲፒ/ኤም የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በብዙ ፋብሪካዎች ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ለ8 ኢንች ዲስክ የጋራ መልክ ነበረው፤ 77 ትራክ፣ 26 ሴክተር፣ 128 ባይት። ለ5.25 ግን የጋራ መልክ ስላልነበረ ካይፕሮ፣ ኦስቦርንና ሌሎች ማሽኖች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። እንዲህ ያለ ዲስክ ሲገጥምህ መጀመሪያ የፋይሎቹን ዝርዝር ፈልግ። በሲፒ/ኤም እያንዳንዱ የዝርዝር መስመር 32 ባይት ነው፤ ስሙም 8 ፊደልና 3 ፊደል ሆኖ በቦታ ቦታው ተቀምጧል። ያንን ካገኘህ የቀረው ሴክተሮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነበቡ ማወቅ ነው፤ አንድ ረጅም ደብዳቤ ወስደህ ዓረፍተ ነገሩ በየትኛው ቅደም ተከተል ሳይቆራረጥ እንደሚቀጥል ተመልከት። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከአቅምህ በላይ አይደለም።

10. ዲስኩ ሲነበብ ሥራው ግማሽ ላይ ነው።

ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በ1985 አሚጋ ኮምፒውተር ኒው ዮርክ ላይ ሲመረቅ በመድረክ ተቀምጦ የዘፋኟን ዴቢ ሃሪን ምስል በማሽኑ ሣለ። ከዚያም ለራሱ የሣላቸውን ሥዕሎች የያዙ ዲስኮች በፒትስበርግ በሚገኘው ሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ ወጣቶች በክሪዮፍላክስ ማግኔቱን ቀዱ። ፋይሎቹ ወጡ፤ ነገር ግን ዋርሆል የተጠቀመበት ፕሮግራም ገና ለገበያ ያልቀረበ እትም ስለነበረ ፋይሎቹን የሚከፍት ነገር ጠፋ። ወጣቶቹ የፋይሉን አሠራር ራሱን ከባይት ወደ ባይት ፈቱት። በ2014 ሥዕሎቹ ለሕዝብ ሲታዩ ከመካከላቸው የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮና የቦቲቼሊ ቬነስ ነበሩበት።

ይህን የነገርኩህ አንተም በአማርኛ የተጻፈ ዲስክ ላይ ይኸው ስለሚገጥምህ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያም፣ በአሜሪካ ባሉ ወገኖቻችንም የተሠራው አብዛኛው የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እንደ ፈቀደ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ፎንት የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የማይነኩ አሉ። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7 ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ አጋጠመው። ውጤቱን ታውቀዋለህ፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ የሚታየው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው።

ሰዎች እዚህ ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው ይተዋሉ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ሦስት በር ከፍተው አራተኛው ላይ መመለስ ነውና። ፋይሉ የዎርድ ሰነድ ከሆነ የፎንቱ ስም በውስጡ ተጽፎ ይገኛል፤ ፓወር ግዕዝ ይሁን ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ሌላ ከዚያ ታውቃለህ፤ ከዚያም የፎንቱን ሠንጠረዥ ይዘህ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ዩኒኮድ ትለውጣለህ። ፋይሉ ጥሬ ጽሑፍ ከሆነና የፎንቱ ስም ከጠፋ ደግሞ ከቋንቋው ራሱ ጀምር። በየመስመሩ እየተደጋገመ፣ ከኋላው ሁልጊዜ አዲስ ሐሳብ የሚጀምር ምልክት ካገኘህ አራት ነጥብ ሊሆን ይችላል። ከአራት ነጥቡ በፊት ደጋግመው አብረው የሚመጡ ሁለት ምልክቶች «ነው» መሆናቸውን ገምት። «ነ»ን ካገኘህ «ነበር» ይከተላል፤ «በ»ንና «ር»ን ይሰጥሃል። ርእሱን የምታውቀው ጽሑፍ ከሆነ የሰውና የአገር ስሞች ቀሪውን ይከፍቱልሃል። አማርኛ በደንብ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ከየትኛውም ፕሮግራም ይበልጣል። ዲስኮቹን ውጭ አገር ለሚሠራ ባለሙያ ልከህ ማግኔቱን ቢቀዳልህም እንኳ ይህን ክፍል የሚሠራልህ የለም፤ የአንተ ነው። ስትጨርስ ሠንጠረዡን ለሌሎች አካፍል፤ በዚያው ፎንት የተጻፈ ሌላ ካርቶን የሆነ ቦታ አለና።

11. ያገኘኸው ሁሉ የአንተ አይደለም።

በዶስ ላይ ፋይል ሲሰረዝ የሚለወጠው በዝርዝሩ ላይ የስሙ የመጀመሪያ ባይትና የያዘው ቦታ ምዝገባ ነው፤ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። አንተ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ስለምትቀዳ ባለቤቱ የሰረዙትንም ትቀዳለህ። ያልተላከ ደብዳቤ፣ የተተወ ረቂቅ፣ የሕመም ነገር፣ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ሊመጣብህ ይችላል። ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ወራሾቹን ሰብስበህ ይህን በግልጽ ንገራቸው፤ የተሰረዘው ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለውን እነርሱ ይወስኑ፤ ውሳኔያቸውንም በጽሑፍ ተቀበል። መጀመሪያ የፋይሎቹን ስምና ቀን ብቻ ዘርዝረህ ስጣቸው፤ ከዚያ እነርሱ የመረጡትን ክፈት። ዲስኮቹን ሥራው አለቀ ብለህ አታስወግዳቸው። በየዲስኩ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ፎቶ አንሣ፤ የዲስኩን ተራ ቁጥር በራሱ ላይ ሳይሆን በመያዣው ላይ ጻፍ፤ ከማግኔትና ከሙቀት ርቆ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጠህ ለባለቤቶቹ መልስ።